ጤና አዳም ሲሸተኝ

ጎረቤቴ እታባ ሲኒውን ሲያቀብሉኝ ቡናው ላይ አንዲት የጤና አዳም ዘለላ ጣል አድርገውበት ነበር። ግንቦት ነው፤ አዳማ በግንቦት እንዴት እንደምትግል ታውቃላችሁ። ቡናው የተፈላው ግቢ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ነው። ሽታው አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ። እጄ በረዶ ሆነ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ወሬ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ መሰለኝ። ሲኒውን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ከግቢው ውጪ ኮብልስቶኑ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ነው።

አቦል ሳይጠጡ ቡና ጥሎ መነሳት በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «ምን አስቀየምናት?» ያለች አለች። «ሥራዋ ሞቅ ሲልላት ናቀችን» ያለችም አለች። እኔ ለራሴም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ የቡና ጥሪ በመጣ ቁጥር የማይጨረስ ስፌት ይገኝልኝ ጀመር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በአራት ወሩ፣ ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። መቂ የአጎቴን ልጅ ድረን ሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አዳማ እየተመለስን ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ጭኔ ላይ ናት፣ ታናሽ ወንድሜ ከጎኔ አለ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ከገበያ የገዙትን ትልቅ እስር ጤና አዳም እግራቸው ሥር አኑረዋል። ዓለም ጤናን አልፈን ቆቃ ሳንደርስ የኋላው ጎማ ፈነዳ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ተገለበጠ። ወንድሜ ሦስቴ ነው የተገለበጠው ይላል፤ እኔ አንዴ ይመስለኛል። ጋቢና የነበሩ አንድ አባት እዚያው አረፉ። እኛ ሦስታችን በጭረትና በወለምታ ወጣን። ሰው ሁሉ «ተርፋችኋል፣ ተመስገን በሉ» አለን። አልን።

እኔ አላለቀስኩም። ልጄን በመስኮት አውጥቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኳት፣ የአረፉትን አባት ፊት በነጠላዬ ሸፈንኩ፣ ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? የተበታተነውን ጫማ እየለቀምኩ ጥንድ ጥንዱን መንገዱ ዳር ደረደርኩ። የሴት ጫማ፣ የወንድ ጫማ፣ የሕፃን ጫማ፤ ቀኝና ግራውን አስተካክዬ። ይህንን ራሱ የነገረኝ ወንድሜ ነው እንጂ እኔ የማስታውሰው በጣም ጥቂቱን ነው። በማግስቱ አመዴ ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ከፍቼ ለቅዳሜ የደረሰውን የስድስት ሚዜ ቀሚስ መስፋት ጀመርኩ። ያየኝ ሁሉ «ብረት ናት» አለ። «ቻይ ሴት» አለ። እኔም አመንኩ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ምግቡ ጣዕም የለውም፣ ልጄ ስታቅፈኝ በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ የምትነካኝ ያህል ነው፣ ሰርጉ ላይ የዘፈንኩትን ዘፈን በሬዲዮ ስሰማ የሌላ ሰው ሕይወት ይመስለኛል።

ወንድሜ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ሆነ። አለቀሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ለሁለት ሳምንት መብራት አጥፍቶ አልተኛም። ለሰማ ላልሰማው አወራው፤ ለባጃጅ ሾፌር፣ ለጀበና ቡና ሻጯ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላለ የሥራ ባልደረባው ሁሉ። ዘመድ ተሳቀቀ። «ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል?» አሉት ፊት ለፊቱ። እኔም በሆዴ ፈርጄበት ነበር፤ ዛሬ ድረስ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ለፋሲካ በግ ሲጎትት፣ ሲስቅ፣ ሞጆ ሲመላለስ እርሱ ነበር። እኔ በግንቦት ኮብልስቶን ላይ ቁጢጥ አልኩ።

እናቴ መኪናው ውስጥ አልነበረችም። የሰማችው በስልክ ነው፤ የደወለው ሰው የጀመረው «አደጋ ደርሶ…» ብሎ ነው፤ «ተርፈዋል» የሚለው ከመምጣቱ በፊት ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ጎረቤት ደርሶ ፊቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ረጨባት። እኛ መርዶ በጠዋት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሳይወጣና ሳይበተን በቤቱ እንዳለ የምንነግረው ሰዎች ነን። አያቶቻችን ድንጋጤ ሰውን እንደሚያፈርስ ስለሚያውቁ ያበጁት ወግ ነበር። ስልክ ያንን ወግ አፈረሰው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ራሷን ያቃጥላታል፣ ጨጓራዋን ይነፋታል፣ ትከሻዋ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ይመስላታል። ክሊኒክ ከክሊኒክ ዞርን። ደም ተመረመረች፣ ራጅ ተነሳች። «ምንም የለብዎትም እናቴ» ብለው ላኳት። ያ «ምንም» የሚለው ቃል እናቴን ከሕመሙ በላይ ጎዳት፤ ዋሸሽ የተባለች መሰላት። አለባት እኮ። አፏ ያልተናገረውን ሰውነቷ እየተናገረ ነው።

አንድ ፍንዳታ አራት ሰው ላይ አራት ዓይነት ሆኖ ወጣ። አራተኛዋ ልጄ ናት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ወደ ሐኪም የወሰደኝ ወንድሜ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ነሽ የታመምሽው» አለኝ አንድ ማታ። ተቆጣሁት። የአእምሮ ሕክምና መሄድ «አማኑኤል መግባት» እየተባለ ስድብ በሚሆንበት አገር እንዲህ መባል ቀላል አይደለም። ግን በዚያ ሰሞን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆኝ መንቃት ለምዶኝ ስለነበር ሄድኩ። ያገኘኋት የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ሲስተር እላታለሁ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አደጋው አልነበረም። «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? የምትሸሺው ነገር አለ?» ነው ያለችኝ። ጤና አዳም አልኳት። እንደነገርኳት አፌን ያዝኩ። የእኚያ እናት እስር! መኪናው ሲገለበጥ ተጨፍልቆ ውስጡን በሙሉ ያወደው እርሱ ነበር። አራት ወር ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም።

ሲስተር እንዲህ አስረዳችኝ። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ (የአልሞንድ) ፍሬ የምታህል ክፍል አለች፤ ስሟም ከግሪክኛው ለውዝ የመጣ ነው። ሥራዋ አደጋ ማሽተት ነው። አደጋ ስታይ አታማክርም፤ አድሬናሊን የሚባል የሚያነቃ ንጥረ ነገር ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሮጣል፤ ወይ ልትታገሉ ወይ ልትሸሹ። አሜሪካዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ዋልተር ካነን ይህንን የመታገልና የመሸሽ ምላሽ ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎበታል። ሦስተኛም አለ፤ መድረቅ። መታገልም መሸሽም በማይቻልበት ጊዜ ሰውነት ስሜቱን ያጠፋዋል። የማየው፣ የምሰማው፣ የምነካው አብዛኛው መጀመሪያ በአንድ ማከፋፈያ በኩል አልፎ ነው ወደዚያች ክፍል የሚደርሰው፤ ሽታ ግን አቋራጭ መንገድ አለው። ለዚህ ነው እኔ «ይህ እኮ ቡና ነው» ብዬ ከማሰቤ በፊት እግሬ ተነስቶ የሄደው። እኔ አልነበርኩም ቡናውን የጣልኩት ለማለት ሳይሆን፣ ያ ነገር ትዕቢትም ድክመትም አልነበረም ለማለት ነው።

አባቶቻችን ይህንን ያለ አሚግዳላ በአራት ቃል ጨርሰውታል፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ።» ልጁ እባቡን ያየው አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የወደቀች ልጥ ሁሉ እባብ ናት። ሰው «ልጥ እኮ ነው፣ ምን ያስደነግጥሃል?» ይለዋል። ልጥ መሆኑን እርሱም ያውቃል። የማያውቀው ሰውነቱ ነው። የእኔ ልጥ ጤና አዳም ነበር፤ የወንድሜ ጎማ ሲፈነዳ የሚመስል ማንኛውም ድምፅ፤ የእናቴ ያልታወቀ ቁጥር ስልክ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ በስልኬ። እ.ኤ.አ. በ1915 ቻርልስ ማየርስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ስለመጡ ሦስት ወታደሮች ጽፎ ነበር። መድፍ አጠገባቸው ከፈነዳ በኋላ ትውስታቸው፣ እይታቸው፣ ማሽተትና መቅመሳቸው የታወከባቸው ሰዎች ናቸው። የምግብ ጣዕም የጠፋበት ሰው ሌላም እንዳለ ሳነብ እዚያው መቀስ ይዤ ቀረሁ። በዚያው ጦርነት ፈሩ፣ ከግንባር ሸሹ ተብለው በገዛ ጦራቸው የተረሸኑ ወታደሮች አሉ። እንግሊዝ ለ306ቱ ይቅርታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ዘጠና ዓመት ያህል ቆይታ። ስንቶቹ ሰውነታቸው ደርቆባቸው የቆሙ ልጆች እንደነበሩ ማን ያውቃል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ዛሬ ፒ ቲ ኤስ ዲ የምንለውን፣ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚቀረውን የአእምሮ ሕመም ስም ሰጥቶ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ስለዚህ የእኛ ሰፈር ሰው ወንድሜን «ወንድ ልጅ እንዲህ ይሆናል?» ማለቱ ብቻውን የሚወቀስበት አይደለም። ዓለም በሙሉ ዘግይቶ ነው የገባው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ያጽናናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሰው ልጅ 70 በመቶ ያህሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ያጋጥመዋል፤ በሕይወቱ በዚህ ሕመም የሚያዘው ግን 3.9 በመቶ ገደማ ነው። አብዛኛው ሰው በራሱ ጊዜ፣ በሰው መካከል ሆኖ ይሽራል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነን፣ ማልቀስ፣ መደንገጥ፣ ወይም ምንም አለመሰማት ሕመም አይደለም፤ ቁስል ሲያመረቅዝ እንጂ ገና ሲቆስል ማንም አይገርመውም። ከአንድ ወር አልፎ እየባሰ፣ ከእንቅልፍና ከሥራ፣ ከቡናም ሲለያችሁ ግን ሰው ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ስለ ጠያቂዎቻችን መጻፍ ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም በፍቅር ነው የመጡት። ከአደጋው በኋላ ቤታችን ለሁለት ሳምንት በጠያቂ ተሞላ። ሙዝ፣ ለስላሳ፣ ዳቦ ተሸክመው መጡ። ከዚያ ይቀመጡና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን» ይላሉ። እነግራለሁ። ሌላው ሲገባ «እስቲ ድገሚላቸው።» እደግማለሁ። «ሰውየው ወዲያው ነው የሞቱት ወይስ ቆይተው?» ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ። በዚያ ሁለት ሳምንት ሚኒባሱ ቤቴ ውስጥ ሠላሳ አርባ ጊዜ ተገለበጠ። ወንድሜ ሲያወራው ቀለለው፤ ምክንያቱም ያወራው ራሱ ሲፈልግ፣ ለመረጠው ሰው፣ በቃኝ እስኪል ነው። እኔን ግን አስወሩኝ። ሁለቱ አንድ አይደለም። በኋላ ሲስተር እንደነገረችኝ የዓለም ጤና ድርጅትም የተጎዳ ሰውን የሆነውን እንዲተርክ አትጫኑት ይላል፤ የሚያስፈልገውን እዩለት፣ ሊናገር ከፈለገ ስሙት፣ ሊረዳው ከሚችል ጋር አገናኙት ነው የሚለው።

እታባ ይህንን ከየት እንዳወቁት አላውቅም። ጠያቂው ሁሉ ሲመለስ እርሳቸው ሱቄ መምጣት ጀመሩ። ሰፌድ ላይ ምስር ይዘው ይመጣሉ፣ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይለቅማሉ። እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እርሳቸው ጠጠሩን ወደ በሩ ይወረውራሉ። አንድም ቀን ስለ አደጋው አልጠየቁኝም። ሲነሱ ትከሻዬን ጫን አድርገው «ጃባዹ» ይሉኛል በኦሮምኛ፤ በርቺ፣ አይዞሽ እንደማለት ነው። የእርሳቸውን ቡና ጥዬ መሄዴ ለዚህ ነው ከሁሉ የከነከነኝ። ምክንያቱን ገብቶኝ ሄጄ ስነግራቸው ብዙ አላሉም። በነጋታው የግቢውን ጤና አዳም ነቅለው ለሌላ ጎረቤት ሰጡት።

ሲስተር ግን «መልሱልኝ በያቸው፤ እንፈልገዋለን» አለችኝ። ልጥን ልጥ መሆኑን ለሰውነት የሚያስተምረው መሸሽ ሳይሆን ቀስ ብሎ መጠጋት ነው ብላ። መጀመሪያ አንዲት ደረቅ ቅጠል በክብሪት ቤት ውስጥ ተዘግታ ከክፍሉ ጥግ ተቀመጠች። እርሷን እያየሁ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ ትንፋሼን ከማስገባው አርዝሜ ማስወጣት፤ የመጀመሪያው ሐሙስ ሥራዬ ይህ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ደረሰች። በሦስተኛው ከፈትኳትና አለቀስኩ ማለት እፈልጋለሁ፤ አላለቀስኩም፣ አስመለሰኝ። ሲስተር ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ እንደገና ከፈትናት። ጠበልም በጎን እሄድ ነበር፤ ተዪ አላለችኝም፣ እኔም አልተውኩም። ለእናቴም መጥታ «ራስዎን የሚያቃጥልዎት እውነት ነው» አለቻት። እናቴ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ወዲህ ነው ቀጠሮ የጀመረችው።

አሁን ልጄ።

አደጋው ከደረሰ በኋላ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች፤ ከሦስት ዓመቷ ጀምራ ትታው የነበረውን። መጸዳጃ ቤት ስሄድ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ጨዋታዋ ነበር። ባዶ የሰርዲን ጣሳ አላት። የለስላሳ ቆርኪ ትሞላበትና ሲሚንቶው ላይ «ቩቩቩ» እያለች ትገፋዋለች፤ ከዚያ «ቧ!» ብላ ትገለብጠዋለች። ቆርኪው ይበተናል። ትለቅማለች። እንደገና ትሞላለች። እንደገና «ቧ!»። በቀን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ፊቷ አይስቅም። አንድ ማታ ድምፁ ራሴ ውስጥ ገብቶ ጣሳውን ቀምቼ ከአጥሩ ውጪ ወረወርኩት። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የቀሩትን ቆርኪዎች ለቅማ ኪሷ ውስጥ ከተተች። የጣሳው ጠርዝ እጄን ቆርጦት ነበር፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ሲስተር ይህንን ስነግራት «ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አታወራም፤ የምታወራው በጨዋታዋ ነው» አለችኝ። «ጣሳውን መልሺላት። ከቻልሽ አብረሻት ተቀመጪ። አታስቁሚያት፣ እንዲህ አድርጊም አትበያት፤ እዪ ብቻ። ጨዋታው ለወራት ያለ ለውጥ በዚያው ከቀጠለ ይዘሻት ነይ።» ጣሳው አልተገኘም፤ ሌላ ሰርዲን ገዛሁ።

በነሐሴ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው። መብራት ጠፍቶ መስፋት ስላልቻልኩ ሱቁን ዘግቼ ቤት ገብቻለሁ። ሲሚንቶው ላይ ሰሌን አንጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሞላች፣ ገፋች፣ «ቧ!» አለች። ከዚያ የለመደችውን አላደረገችም። የተበተኑትን ቆርኪዎች አንድ በአንድ እያነሳች ግድግዳው ሥር ጥንድ ጥንዱን መደርደር ጀመረች። ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። ቀስ ብላ፣ በጣቷ እያስተካከለች።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ የኔ እናት?»

«ጫማቸውን» አለችኝ።

አንገቷን ደፍታ ቀጠለች። ስትጨርስ አንድ ቢጫ ቆርኪ ብቻውን ቀረ። እርሱን ከሁሉ ጥግ አስቀመጠችው።

«ይሄስ የማነው?»

«የዚያ አባባ ነዋ። አንዱ ጫማቸው ጠፍቶ ነበር። አንቺ ሳሩ ውስጥ ፈልገሽ፣ ፈልገሽ አጣሽው።»

እኔ ይህንን አላስታውስም ነበር። ጫማ መደርደሬን የነገረኝ ወንድሜ፣ የአንዱን ጫማ ፍለጋ ሳሩ ውስጥ መንበርከኬን ያየችው ደግሞ እርሷ ብቻ ናት፤ ከጥላው ሥር ሆና። ሰባት ወር ይዛው ቆየች። አለቀስኩ፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ሰሌኑ ላይ። እርሷ ለትንሽ ጊዜ አየችኝና ትከሻዬን እንደ እታባ ጫን ጫን አደረገችው።

ከዚያ ሁለታችንም ተነስተን በስልኬ መብራት ቤቱን ፈተሽን። ከአልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ቢጫ ቆርኪ አገኘን። በቀሚሷ ጠርጋ ከቀረው ጎን አስቀመጠችው።